ስድስት ሰው በባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም፦ ዕቃ መቀነስ ከየት ይጀመራል?

እህቴ፣ የጠየቅሽውን ሌላውም እንዲረዳው ላሳጥረው። ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ሦስት ልጆች አሉሽ፤ አማትሽ አብረዋችሁ ይኖራሉ፤ በረንዳው በዕቃ ከመታፈኑ የተነሳ በሩ አይከፈትም፤ ባለቤትሽ «ይፈለጋል» እያለ አንድ ነገር አያስጥልም። ዩቲዩብ ላይ ያየሽውን የ30 ቀን ሚኒማሊዝም (ዕቃ ቀንሶ በጥቂቱ የመኖር ዘዴ) ጀምረሽ ጠብ ሲነሳ ተውሽው። አሁን «ከየት ልጀምር?» ነው ያልሽው።

የ30 ቀኑ ዘዴ የከሸፈው በአንቺ ስንፍና አይመስለኝም። ውሃ ለማይጠፋበት፣ እንግዳም በቀጠሮ ብቻ ለሚመጣበት ቤት የወጣ ዘዴ ነው። የእኛን ቤት የሚያጣብበው ግን አብዛኛውን ጊዜ ለራሳችን የያዝነው ዕቃ አይደለም፤ «ሰው ሲመጣ» ብለን ያስቀመጥነው ነው። ስለዚህ ዋናው ሥራ የእንግዳ ዕቃ ላይ ነው።

የመጀመሪያውን ቅዳሜ ግን ማንም ለማያዝንለት ነገር ስጪው፦ ባዶ ሃይላንድ፣ ክዳን የሌለው ፕላስቲክ፣ የተቃጠለ ቻርጀር፣ አንድ እግር ጫማ፣ ፌስታል ውስጥ የታጨቀ ፌስታል። ለሁለት ሰዓት ያህል፣ አንድ ቦታ ብቻ። ቤቱን ሙሉ በአንድ ቀን አልጋ ላይ መገልበጥ የሚያመጣውን ታውቂዋለሽ፤ ሲመሽ ልጆቹ የሚተኙበት ይጠፋና ሁሉም ነገር በጥድፊያ ወደ ነበረበት ይታጨቃል። ማደራጃ ቅርጫትና ሳጥን አሁን አትግዢ። ምን ያህል ዕቃ እንደሚቀር ሳይታወቅ የተገዛ ቅርጫት ራሱ ትርፍ ዕቃ ነው።

ከዚያ ወደ ብፌው። እናንተ ስድስት ናችሁ፤ ሳይጠራ የሚመጣ እንግዳ ሦስት አራት ቢሆን ነው። ስለዚህ ከሁሉም 12 ይበቃል፦ 12 ብርጭቆ፣ 12 ሳህን፣ 12 ሹካና ማንኪያ። ሲኒም 12 ይበቃል፤ ቡናው አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ ሦስት ጊዜ ሲቀዳ ሲኒው በየመሀሉ ስለሚታጠብ ለሦስቱ ዙር ሠላሳ ስድስት አያስፈልግም። ቤተሰቡ ከአንድ ትሪ የሚበላ ከሆነ ሳህኑ እንዲያውም ይበዛል፤ ሁለት ትልቅ ትሪና አንድ መለስተኛ ትሪ ይበቃሉ። ከድስት አንድ ዶሮ ከሁለት ኪሎ ሽንኩርት ጋር የሚይዝ፣ ከ7 እስከ 8 ሊትር የሆነ አንድ፣ መካከለኛ ሁለት፣ ትንሽ አንድ። የጾሙንና የፍስኩን የምትለዩ ከሆነ ግን እነሱን እንደ ድርብ ዕቃ አትቁጠሪያቸው።

«ክርስትና ወይም ምርቃት ሲመጣስ?» ማለትሽ አይቀርም። ብዙ ዕድሮች ድንኳን፣ ወንበር፣ ብረት ድስትና ሳህን አላቸው፤ ለሐዘን ብቻ ሳይሆን ለድግስም ለአባል በነፃ ወይም በትንሽ ኪራይ የሚሰጡ አሉ። የእናንተ ዕድር ምን እንዳለውና በምን ደንብ እንደሚሰጥ አንድም ሳህን ሳታወጪ ጠይቂ። ስትረከቢ ቆጥረሽ ፈርሚ፤ ስትመልሺም አስቆጥሪ፤ የጎደለ ይከፈላልና። በዓመት ሁለትና ሦስት ቀን ለሚፈለግ ሠላሳ ሳህን ዓመቱን ሙሉ ብፌ መሸከም አያዋጣም። ጎረቤትም አለ። ከሁለት ጎረቤት ጋር «አንቺ ትልቁን ድስት ያዢ፣ እኔ ትልቁን ፔርሙስ» መባባል የቆየ ልማዳችን ነው።

አሁን የማይነካውን ልንገርሽ፣ ምክንያቱም የውጭው ምክር እዚህ ላይ ያሳስታል። ጀሪካን አይቀነስም፤ ይሰላል እንጂ። ለመጠጥ፣ ለማብሰያ፣ ለመታጠቢያና ለሽንት ቤት ተቆጥቦ በቀን ለአንድ ሰው 20 ሊትር ብትይዢ ለስድስት ሰው 120 ሊትር ነው። ሠፈራችሁ ውስጥ ውሃ ሦስት ቀን የሚጠፋ ከሆነ 360 ሊትር ያስፈልጋል ማለት ነው፤ ይህም ባለ 20 ሊትር 18 ጀሪካን፣ ወይም አንድ ባለ 200 ሊትር በርሜልና 8 ጀሪካን ነው። ከዚህ በላይ ያለው፣ የሚያፈሰውና ክዳኑ የጠፋው ይውጣ። በርሜሉን በረንዳው ጫፍ ላይ አታቁሚው፤ የሞላ እንደሆነ ውሃው ብቻ 200 ኪሎ ነው። መብራት ሲጠፋ የሚያገለግል የከሰል ምድጃም አንድ ይቆይ፤ ሦስት መሆኑ ነው ትርፉ። ከሰሉ ግን በር ዘግቶ ቤት ውስጥ አይነድም።

ለማውጣት የምታመነቱበትን ዕቃ ካርቶን ውስጥ ክተቺ፤ በፕላስተር እሸጊ፤ ቀኑንና የውስጡን ዝርዝር ላዩ ላይ ጻፊ። የጊዜ ገደቡ ግን 30 ቀን አይሁን። በሁዳዴ 55 ቀን የፍስክ ዕቃ አይነካም፤ ይህ ማለት ግን አይፈለግም ማለት አይደለም። ጥቅምት ላይ የታሸገ ካርቶን ገናን፣ ጥምቀትን፣ ሁዳዴንና ፋሲካን ያልፋል። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ እሽጉ ያልተፈታ ካርቶን ይሰጥ። ሙስሊም ቤተሰብ ከሆነ ረመዳንንና ሁለቱንም ኢድ ያሳልፍ። የክረምት ነገር፣ ጃንጥላና ቦቲ ጫማ፣ ካርቶን አይገባም። ደግሞም ከስድስት ካርቶን አይብለጥ፤ ከዚያ ካለፈ ሌላ ዕቃ ቤት ከፈትሽ ማለት ነው።

ልብስ ላይም የእኛ ክረምት ሒሳቡን ይለውጣል። «ሁለት አንሶላ ይበቃል፤ አንዱ ሲታጠብ አንዱ ይነጠፋል» የሚለው ለበጋ ይሠራል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን አንሶላ ሁለት ሦስት ቀን ሳይደርቅ ሊውል ስለሚችል በአልጋ ሦስት ያዢ፤ ለእንግዳ ደግሞ ሁለት ጨምሪ። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ሁለት ሁለት፤ ከተቻለ ሹራቡም ሁለት። የሀበሻ ልብስ፣ ነጠላና ጋቢ በየቀኑ አልተለበሰም ተብሎ አይወጣም፤ አቀማመጡ ላይ ግን ብዙ ሰው ይሳሳታል። ላብ ወይም ወጥ የነካው ሳይታጠብ ከተቀመጠ ነጩ ቢጫ ይሆናል፤ ብልም ይመጣበታል። ፌስታል ውስጥ ከታሰረ እርጥበት ይይዝና ይሻግታል። ታጥቦ በደንብ የደረቀውን በንጹሕ አሮጌ አንሶላ ጠቅልለሽ አስቀምጪ። ናፍታሌን ከረሜላ ስለሚመስልና መርዝ ስለሆነ ትንሽ ልጅ ባለበት ቤት ይቅር።

የልጆቹን ልብስ ለሚቀጥለው ልጅ ማቆየት ጥሩ ነው፤ ግን በየዕድሜው አንድ ካርቶን ብቻ፣ ታናሽ ከሌለም ምንም። ደብተር ነሐሴ ላይ ይለይ፤ ከየክፍሉ አንድ ለማስታወሻ ይበቃል።

ወረቀት ከልብሱና ከደብተሩ በኋላ ይምጣ። የቤቱ ውልና የባንክ ክፍያ ደረሰኝ፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የትምህርት ማስረጃና የክትባት ካርድ አንድ ፋይል ውስጥ ይግቡ። የንግድ ፈቃድ ካላችሁ የሒሳብ ሠራተኛችሁን ሳትጠይቁ አንድም ደረሰኝ አትቅደዱ። ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት ለሰው አይሰጥም፤ ከቡና አተላ ጋር ደባልቀሽ በፌስታል አስረሽ ጣይው።

ወደ ሰዎቹ ልምጣ፤ ጠቡ ያለው እዚህ ነው። የመጀመሪያውን ወር የራስሽን ዕቃ ብቻ ቀንሺ። የባለቤትሽን ገመድና ብሎን ከጀርባው አትጣይ። አንድ የሚፈልገውን ቢያጣ ከዚያ በኋላ በቤቱ የሚጠፋው ሁሉ በአንቺ ይላከካል። አንድ የመሣሪያ ሳጥን መድቢለት፤ እዚያ የገባውን ማንም አይነካም፤ ሳጥኑ ሲሞላ የሚወጣውን እሱ ይምረጥ። አማትሽን ደግሞ «ይሄ ይጣል ወይ?» ብለሽ አትጠይቂያቸው። «እማዬ፣ ይሄ ለማን ይሁን?» በያቸው። የኖሩበት ዕቃ ሲጣል ማየት ያማቸዋል፤ ለልጅ ልጅ ወይም ለዘመድ በእጃቸው መስጠት ግን ደስ ይላቸዋል። ሞሰባቸውና ሙዳያቸው ከነሳጥናቸው በሒሳቡ አይግቡ።

የወጣው ዕቃ ከቤት በፍጥነት ይሂድ፤ በር ሥር ሳምንት ከቆየ አንድ ሰው ከፍቶ ይመልሰዋል። ብረታ ብረት፣ ጠርሙስና ሃይላንድ ለቆራሌው። ልዋጭ ላይ ተጠንቀቂ፦ አሮጌ ልብስና ጫማ ወስዶ ሳፋ ወይም ባሊ ሰጥቶሽ ስለሚሄድ የዕቃው ቁጥር ያው ነው። ደህና ልብስና ብርድ ልብስ ታጥቦ ለቤተ ክርስቲያን፣ ለመስጊድ ወይም እንደ መቄዶንያ ላሉ መርጃ ማዕከላት ይሰጣል። ገጠር ላሉ ዘመዶች ስትልኪ ምን እንደሚፈልጉ አስቀድመሽ ጠይቂ፤ የተቀደደ ልብስ በማዳበሪያ ጠቅጥቆ መላክ ስጦታ አይባልም። ለቤት ሠራተኛ የሚሰጥ ልብስም ከደመወዝ አይታሰብም።

ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለ፣ ባለ 23 ኪሎ ሻንጣውን ከመሙላቱ በፊት የልጆቹን የጫማ ቁጥርና የሚያስፈልጋችሁን ሁለት ሦስት ነገር ላኪለት። ዝም ካልሽ የሚመጣው ልብስና ሽቶ ነው፤ እሱን ደግሞ ማውጣት ይከብዳል።

ሶፋውንና ብፌውን ለመጨረሻ አቆዪ። ብፌው ባዶ ሲሆን ያኔ ራሱ ትርፍ መሆኑ ይታያል። ሶፋውን ሸጦ አረቢያን መጅሊስ ማስገባት አሁን የተለመደ ነው፤ ቦታም ይቆጥባል። ነገር ግን አማትሽ ከወለል መነሳት ከከበዳቸው ከፍታው 45 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ፣ ክንድ ማስደገፊያ ያለው አንድ ወንበር ይቅርላቸው። ከመሸጥሽ በፊት የበሩንና የደረጃውን መዞሪያ ስፋት በሜትር ለኪ፤ ገዢው መጥቶ የማይወጣ ሆኖ ከተገኘ መፍታት ሊኖር ነው፤ የማፍቻና የማውረጃ ዋጋውን ማን እንደሚከፍል ዋጋ ስትነጋገሩ ተስማሙ። ከወዛደሮቹም ጋር ዋጋውን ሶፋው መሬት ላይ እያለ ጨርሱ፤ ሦስተኛ ፎቅ ደረጃ ላይ ቆሞ መከራከር አይመችም።