ወደ ሐርቡ እሺ፣ ሐረጎን ግን ቆየት አድርጊው

"ከባሕር ዳር ወደ ኮምቦልቻ በሥራ ተዛውሬ መጣሁ። ብስክሌቴንም ይዤ ነው የመጣሁት። ዋናውን መንገድ ዳር ዳሩን ይዞ መንዳት ይቻላል ወይ? ቅዳሜ ቅዳሜ ደሴ ዘመድ ጋ በሱ ብሄድስ?" ብለሽ ለጠየቅሽው እህቴ ነው ይሄ። ሦስት ሰው "ይቅርብሽ" ብሎሻል። አንዱ ደግሞ "ቀላል ነው፣ ዘና በይ" ብሎሻል። አራቱም ሳይክል ላይ ወጥተው የሚያውቁ አልመሰለኝም።

እኔ እዚሁ ኮምቦልቻ አስተማሪ ነኝ። ነዳጅ ጠፍቶ ባጃጅ ሁሉ የቆመ ጊዜ፣ ወንድሜ አሜሪካ ሲሄድ ጥሎት የሄደውን ሳይክል ከጓዳ አውጥቼ ጀመርኩ። ነዳጁ ተመለሰ፣ እኔ ግን ወደ ባጃጅ አልተመለስኩም።

ከከተማው ልጀምር። የኮሪደር ልማቱ የደረሰበት ቦታ ላይ የብስክሌት መስመር አለ፣ ንጂበት። ባሕር ዳር እንደለመድሽው ግን አትጠብቂ። እዚያ ሳይክል የሁሉም ሰው ነው፣ ሹፌሩም ዓይኑ ለምዶታል። እዚህ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ መስመሩ ባዶ ነው፣ እንደ ንግሥት ትሄጃለሽ። ማታ 11 ሰዓት ላይ ግን ተሳፋሪ የሚጠብቅ ባጃጅ ቆሞበታል፣ በቆሎ የምትጠብሰው እናት ከሰሏን አቀጣጥላበታለች፣ ከፋብሪካ የወጣው ወጣት አራት አራት ሆኖ እያወራ ይሄድበታል። ደወል ብትደውይም ዞር ብሎ ያይሻል እንጂ አይለቅልሽም። እኔ "አሳልፉኝማ የኔ ጌቶች" እላለሁ። ከደወሉ ይሻላል።

መስመሩ ላይ ሆነሽ አትፈሪም። ችግሩ የሚያልቅበት ቦታ ነው። ምልክት የለ፣ ምን የለ፣ ድንገት ቁርጥ ይልና ራስሽን ተሳቢ ጎን ታገኚዋለሽ። ስለዚህ መጀመሪያ በእግርሽ ወይ በባጃጅ ሂጂና የት እንደሚያልቅ እዪ። ከዚያ ሃምሳ ሜትር ቀድመሽ ወደ ኋላ ዞር ብለሽ አይተሽ፣ እጅሽን ዘርግተሽ ግቢ።

ዋናው መንገድ ራሱ ምን እንደሆነ ደግሞ እወቂው። ከአዲስ አበባ መቀሌ የሚወስደው ነው። ከጅቡቲ በሚሌና በባቲ የሚመጣው መንገድ እዚሁ ይገጥመዋል። ደረቅ ወደቡ እዚህ ነው። ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ ኢንዱስትሪ ፓርኩም አለ። እና ኮንቴይነር የጫነ ተሳቢ፣ ቦቴና ሲኖትራክ የሚጠፋበት ሰዓት የለም። የአዲስ አበባ አዳማው የፍጥነት መንገድ ብስክሌት አያስገባም፣ አጥር አለው። የኛ አጥር የለውም፣ ሁሉንም ያስገባል። አህያውም፣ ፍየሉም፣ አንቺም እኩል ናችሁ።

ያ ወንድሜ አሁን ቨርጂኒያ፣ አርሊንግተን ነው የሚኖረው። ከስቲስ ትሬይል የሚሉት የብስክሌት መንገድ አላቸው። ኢንተርስቴት 66 የሚባለውን ትልቅ አውራ ጎዳና ታኮ ነው የሚሄደው። በመሃል ረጅም ግንብ አለ። ቪዲዮ ልኮልኝ ነበር፣ መኪናው አይታይም፣ ጩኸቱ ብቻ ይሰማል። እሱ የሚያማርረው ምን ብሎ መሰለሽ? "ጩኸቱ ያደነቁራል፣ ዳገትም ይበዛዋል።" እኔ ደግሞ ሐረጎን፣ ከደሴ ወደኛ የሚወርደውን ጠመዝማዛ ቁልቁለት፣ ፎቶ አንስቼ ላክሁለት። መልስ አልሰጠኝም።

ወደኛው እንመለስ። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት በአዲስ አበባው መንገድ ላይ ወዳለችው ሐርቡ ከተማ አቅጣጫ ንጂ። መንገዱ ከደሴው ጋር ሲተያይ የዋህ ነው፣ ቆላውን ይዞ ይወርዳል፣ እይታም አለው። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ውጪ፣ 3 ሰዓት ሳይሞላ ተመለሽ። ከዚያ በኋላ ፀሐዩም መኪናውም ይብሳል። ወደ ባቲ ግን ሰኞ እንዳትሞክሪ። የባቲ ገበያ ነው፣ አይሱዙው ሰውና ፍየል ጭኖ ይከንፋል፣ ግመሉም መንገዱ የአባቱ ነው።

ተሳቢ ሲያልፍሽ የሚሆነውን ልንገርሽ፣ ማንም አልነገረኝምና። መጀመሪያ ነፋሱ ወደ ውጭ ይገፋሻል። ጭራው ሲያልፍ ደግሞ ወደ ራሱ ይስብሻል። ጀማሪ ሰው ሲገፋ ይደነግጥና መሪውን ወደ መንገዱ ይመልሳል፣ ያን ጊዜ ነው ስበቱ የሚያገኘው። እጅሽን አላልተሽ ያዢ፣ ክርንሽን አጠፍ አድርጊ፣ ቀጥ ብለሽ ሂጂ። ከፊትም ከኋላም ተሳቢ ከመጣ ግን ጀግንነት የለም፣ ከአስፋልቱ ውጪ።

አወጣጡ ቀላል ነው፣ አመላለሱ ነው የሚጥለው። የአስፋልቱ ጠርዝ በብዙ ቦታ ተሸርፏል፣ ከአፈሩ አንድ እጅ ያህል ከፍ ይላል። ጎን ለጎን እየሄድሽ ቀስ ብለሽ ልትወጪ ስትይ የፊት ጎማሽ ጠርዙን ይታከክና ሳይክሉ ከሥርሽ ይሄዳል። እኔ እንዲህ ወድቄ ጉልበቴ ላይ ዛሬም ምልክት አለ። ቁሚ፣ ውረጂ፣ አንስተሽ አስቀምጪው፣ እንደገና ውጪ። አስር ሰከንድ ነው።

ከቆላው በኩል ሌላው ጠላት የግራር እሾህ ነው። ትርፍ ከመነዳሪና የእጅ መንፊያ ሳትይዢ አትውጪ። "ጎሚስታ ሞልቷል" ይሉሻል፣ እውነት ነው፣ ግን የሲኖትራክ ጎማ በሚነፋበት መንፊያ ነው የሚነፉልሽ። አንድ ልጅ "አብሽሪ ቲቸር" ብሎኝ ቱቦውን ሰካ፣ ሁለት ስቆጥር ዷ! ሰፈሩ ሁሉ ወጣ። አሁን "ትንሽ፣ ትንሽ፣ አቁም" እያልኩ ጎማውን በአውራ ጣቴ እየተጫንኩ ነው የማስነፋው። ቫልቭሽ ቀጭኗ ዓይነት ከሆነች ደግሞ ጭራሽ አትገጥምላቸውም።

ስለ ልብስ ጠይቀሻል። እኔ ከቀሚሴ ሥር ሱሪ እለብሳለሁ፣ የቀሚሱን ጫፍ በሰንሰለቱ በኩል በፀጉር ላስቲክ አሥረዋለሁ። ሻርፕ ወደ ኋላ እንዳይንጠለጠል። መጀመሪያ ወር "ጉድ ነው ዘንድሮ" የሚል አይጠፋም። ሁለተኛው ወር ላይ ስምሽን ያውቁታል። ሦስተኛው ላይ "ዛሬ ለምን አረፈድሽ?" ይሉሻል። እኔን የሚያስቸግሩኝ የራሴ ተማሪዎች ናቸው፣ ዳገት ላይ "ቲቸር እንግፋሽ?" ብለው ከኋላ ይንጠለጠላሉ።

እንግዲህ ደሴ። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፣ እኛ 1,850 ገደማ ላይ። በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ትወጫለሽ። ሁሉም ሰው የሚያስፈራራሽ በዚህ ነው። አትፍሪው። ማርሽ ያለው ሳይክል ከሆነ ትንሿን ማርሽ ይዘሽ ትፈጪያለሽ፣ ሲያቅትሽ ወርደሽ ትገፊያለሽ። እኔ የመጀመሪያ ቀን ግማሹን ገፍቼዋለሁ፣ ማንም አልሞተም።

እኔም ዳገቱን ፈርቼ ቁልቁለቱን ንቄ ነበር። "ብልጥ ነኝ" ብዬ ሳይክሉን ሚኒባስ ፖርቶ መጋላ ላይ አስጭኜ ደሴ ወጣሁ፣ ቁልቁሉን በነፃ ልመለስ። ሐረጎ ጋ ስደርስ ፍሬኑን ከጀመርኩበት ጊዜ አንስቶ አልለቀቅኩትም ነበር። መያዣው ቀስ በቀስ ወደ መሪው ተጠጋ፣ ከዚያ ነካው። ላስቲክ ሲቃጠል ሸተተኝ። ከፊቴ ኩርባ፣ ከኩርባው ባሻገር ሰማይ። በተራራው በኩል ወዳለው ቦይ መራሁት፣ ቦዩ ውስጥ ቁጭ አልኩ። ቸርኬውን ስነካው ጣቴ ተለበለበ።

ጀሪካን የያዙ አንድ አባት ቆመው ያዩኝ ነበር። "አባባ፣ ትንሽ ውሃ ላፍስበት?" አልኳቸው። "ብረት አይጠማውም የኔ ልጅ፣ አንቺ ጠጪ" አሉኝ። ጠጣሁ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ግማሹ ደረቴ ላይ ፈሰሰ። ብረቱም በራሱ ጊዜ በረደ።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ ነው የማደርገው። ፍሬኑን አንቄ አልይዝም፣ ጠበቅ አድርጌ ይዤ ፍጥነቱ ሲወርድ እለቀዋለሁ፣ እንዲተነፍስ። ከኩርባው በፊት ነው የምይዘው፣ ኩርባው ውስጥ ገብቼ አይደለም። የፊቱን ብቻ በድንገት አልጨብጥም፣ በመሪው ላይ ያዘልላል። በየጥቂቱ ቆሜ ቸርኬውን በጣቴ ጫፍ እሞክራለሁ። የፍሬኑን ላስቲክ ሰው እስኪነግረኝ ሳልጠብቅ እቀይራለሁ። ዝናብ ካለ ደግሞ ቸርኬው ረጥቦ መጀመሪያ ላይ ጭራሽ አይዝም፣ ቀድመሽ ለስለስ አድርገሽ እየነካካሽ ውሃውን ታስጠርጊዋለሽ። በሐምሌና በነሐሴ እኔ ራሴ አልወርድም። የደሴ ጉም ሲወርድ ከኋላሽ የሚመጣው ሹፌር አንቺን አያይሽም፣ አንጸባራቂ ሰደርያ ብትለብሺም አያይሽም።

ስለዚህ ዘመድሽን ለጊዜው በሚኒባስ ጠይቂ። ሐርቡን አስር ጊዜ ከሄድሽ በኋላ፣ በበጋ፣ ፍሬንሽ አዲስ ሆኖ፣ ሐረጎን አብረን እንወርዳለን። እስከዚያ ቅዳሜ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ሐርቡ የምንወጣ ሦስት ሴቶች አለን። ኢንቦክስ ጻፊልኝ። መንፊያ እኔ እይዛለሁ፣ ከመነዳሪ አንቺ ያዢ፣ የሳይክሎቻችን ጎማ ልክ አይመሳሰልምና።