ካህኑን ማታለል ከተቻለ ንስሐ ምን ይረባል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምኖረው ሚላኖ ነው። ከጣልያን ጓደኞቼ ጋር የፊልም ዳይሬክተሩ ፓዞሊኒ በ1971 እ.ኤ.አ. የሠራውን «ዴካሜሮን» አየሁ። ብልግናው እንዳለ ሆኖ፣ አንድ ወንጀለኛ ሊሞት ሲል መነኩሴውን ዋሽቶ ቅዱስ መባሉ ከነከነኝ። ካህን እንዲህ ከተሸወደ ኑዛዜ ምን ይረባል? ፊልሙን ማየቴንስ ልናዘዝ?

መልስ፦ እህቴ፣ አዎ፣ ተናዘዢ። ራቁት ገላ ያየ ዐይን ሌሊት ምን እንደሚያመጣ አንቺም ታውቂዋለሽ። እሱን ለንስሐ አባትሽ ልተወውና ወደ መነኩሴው ልሂድ።

ታሪኩ ፊልሙ የተቀዳበትን «ዴካሜሮን» የተባለ መጽሐፍ የጻፈው የጣልያናዊው ደራሲ የቦካቾ ነው። በ1348 እ.ኤ.አ. ወረርሽኝ ፍሎረንስን ሲፈጃት አሥር ወጣቶች ከከተማ ሸሽተው መቶ ተረት ያወራሉ። ይሄ የመጀመሪያው ነው። በመጽሐፉ ያ ወንጀለኛ፣ ቻፔሌቶ፣ ሐሰተኛ ሰነድ እየጻፈ የኖረ የውል ጸሐፊ ነው። በሰው አገር፣ አራጣ አበዳሪዎች ቤት ታሞ ተኛ። ሽማግሌ መነኩሴ መጣለት። ታዲያ ምን ቢናዘዝ ጥሩ ነው? ጾሜ ውሃ ስጠጣ በጣም ጣፈጠኝ አለ። አንዴ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ምራቄን ተፍቻለሁ አለ። መነኩሴው «እኛስ በየቀኑ እንተፋ የለ!» ብለው አጽናኑት። በመጨረሻ እያለቀሰ፣ በልጅነቴ እናቴን ሰድቤያለሁ አለ። ከግድግዳው ማዶ የሚሰሙት አበዳሪዎች ሳቃቸው ሊያመልጣቸው ደርሶ ነበር። ሲሞት ሕዝቡ ልብሱን ለበረከት ቀዳደደው።

ሐሰተኛ ሰነዶቹን ግን አንዴም አላነሳም።

ብዙ ሰው ንስሐ ማለት ካህኑን ማሳመን ይመስለዋል። ካህኑ «ይፍታህ» ካሉ ፋይሉ ተዘጋ! ካህንማ ሰው ነው፣ ይታለላል። ጴጥሮስ ሐናንያን «እግዚአብሔርን እንጂ ሰውን አልዋሸህም» ያለው ለዚህ ነው። ተረቱን የሚያወራው ወጣት እንኳ ፍርዱን ለእግዚአብሔር ትቶ፣ በሚታየው ግን ሰውዬው በዲያብሎስ እጅ ሳይሆን አይቀርም ይላል።

ስለ ራሴ ልንገርሽ። በወጣትነቴ ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄጄ «ረቡዕ ቀን ረስቼ ማኪያቶ ጠጣሁ» አልኩ። ፊቴን ያየ ሰው የገደልኩ ይመስለው ነበር። «ሌላስ?» አሉኝ። «የለም አባ።» ዝም ብለው አዩኝ፤ መስቀሉን ግን አላነሡም። «ሌላስ?» አሉ ደግመው። ከወንድሜ ጋር በአባታችን ቤት ተጣልተን ሦስት ዓመት አልተነጋገርንም ነበር። እሱን ለማውጣት ሌላ ሁለት ወር ፈጀብኝ። ማኪያቶው ውሸት አልነበረም እኮ፤ መሸፈኛ ነበር። ምሳሌ 28፥13 «ኃጢአቱን የሚሰውር አይለማም» ሲል እንዲህ ያለውን መሰወርም ይጨምራል፤ ትንሿን አውጥቶ ትልቋን መቅበር።

እና አባትሽ ዘንድ ስትሄጂ፣ ከፊልሙ አትጀምሪ።