«ኮዱን የት ልለጥፈው?» ብለሽ ለጠየቅሽኝ፣ ለእኩዮችሽም

ባለፈው ሳምንት አንዲት የሰፈራችን ልጅ በቴሌግራም ጻፈችልኝ። ለአንድ መዋለ ሕፃናት ዌብሳይት እየሠራች ነው። «ጋሼ፣ የፌስቡክ ገጻችንንና የዩቲዩብ ቪዲዮአችንን አስገቢልን ብለውኛል። ኮዱን የት ልለጥፈው?» አለችኝ። «ከታች፣ ከቦዲ (የገጹ ይዘት) መዝጊያው በላይ» ብዬ በአንድ መስመር ልገላግላት ጀምሬ ነበር፤ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ማታ ቁጭ ብዬ ስመልስላት መልሱ ረዘመ። ስለዚህ ለሁላችሁም ይሁን።

የካቲት 2015 ላይ ለአንድ ማሠልጠኛ ተቋም የመመዝገቢያ ገጽ ሠርቼ ነበር። ሥልጠናው ነፃ ነው፤ የሚያመለክቱት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሰው ቤት የተቀመጡ ልጆች ናቸው። ገጹ ቀላል ነበር፤ ስም፣ ስልክ፣ የትምህርት ማስረጃ ፎቶ፣ ከሥር «መዝግብ» የሚል አረንጓዴ ቁልፍ። ሥራ ሊጀምር አንድ ቀን ሲቀረው ከተቋሙ ተደወለና የፌስቡክ ገጻቸው ሳጥን በጎን በኩል እንዲታይ ተጠየቅሁ። ኮዱን ከማብራሪያው ቀዳሁ። ስክሪፕቱን፣ ማለትም ከፌስቡክ ሰርቨር የሚመጣውን ኮድ፣ የሚጠራው መስመር ላይ አሲንክ እና ዲፈር የሚሉት ቃላት ነበሩበት፤ ኮዱ እየመጣ ሳለ ብሮውዘሩ ገጹን ማንበቡን እንዲቀጥል የሚያዙ ናቸው። ከሥሩ የራሴን ማስጀመሪያ ጻፍኩና ስከፍተው «ኤፍቢ (የፌስቡኩ ኮድ መጠሪያ) የሚባል ነገር የለም» የሚል ቀይ መስመር ኮንሶሉ ላይ፣ ብሮውዘሩ ስህተት በሚጽፍበት ቦታ፣ ወጣ። ነገሩ ግልጽ ነው፤ አሲንክ ስለሆነ የፌስቡክ ስክሪፕት ሳይደርስ የእኔ ኮድ ቀድሞ ይሮጣል። ትክክለኛው መንገድ ስክሪፕቱ ደርሶ ሲዘጋጅ ራሱ የሚጠራውን ፈንክሽን ጽፎ መጠበቅ ነበር። ይህን አላጣሁትም። ግን ከምሽቱ አራት ሰዓት ሆኗል፣ መብራት ሄዷል፣ የላፕቶፑ ባትሪ እያለቀ ነው። ሁለቱንም ቃላት አጠፋኋቸው፤ ቀዩ መስመርም ጠፋ። ላፕቶፑን ዘግቼ ተኛሁ።

የካቲት 2፣ ሐሙስ ዕለት፣ ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ተገደቡ። ገደቡ ለአምስት ወር ያህል እንደቆየ ታስታውሳላችሁ። እኔም ያኑ ዕለት ማታ ስልኬና ላፕቶፔ ላይ ገደቡን የሚያልፍ ቪፒኤን ጫንኩና ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ቅዳሜ የምዝገባው የመጨረሻ ቀን ነበር፤ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። ስምንት ሰዓት ገደማ የመታወቂያ ኮፒ ላስነሳ ከብሎካችን አጠገብ ወዳለው ፎቶ ኮፒ ቤት ወረድኩ። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው፤ የአዳማው ፈጣን መንገድ ከሚጀምርበት ብዙ አይርቅም። ያን ጊዜ ኢንተርኔት በቤቱ ያለው ጥቂት ሰው ነበር፤ ፎርም መሙላት ሲኖር ሰዉ ሁሉ እዚያች ጠባብ ቤት ይሰለፋል። አንዲት ልጅ ሰማያዊ የፕላስቲክ ማኅደር ደረቷ ላይ አቅፋ ኮምፒውተሩ ፊት ቆማለች። ስክሪኑ ነጭ ነው። አድራሻውን ሳየው የእኔ ገጽ ነው።

«ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ይሄ ሳይት እንቢ ብሏል፤ ስንቱ መጥቶ ሄደ» አለኝ ባለቤቱ።

ስልኬን አውጥቼ ከፈትኩት። ወዲያው ተከፈተ። «ይሠራል እኮ! የእናንተ ኔትዎርክ ነው» አልኩና ስልኬን አዙሬ አሳየኋቸው። ልጅቷ አረንጓዴውን ቁልፍ አየችው፣ ከዚያ ነጩን ስክሪን አየች፣ ምንም አላለችም። ከስክሪኑ ግርጌ በግራ በኩል ብሮውዘሩ ማንን እየጠበቀ እንደሆነ የሚጽፍባት ትንሽ ግራጫ መስመር ነበረች። ዓይኔ አርፎባታል፤ አላነበብኳትም። ኮፒዬን ተቀብዬ፣ ሒሳብ ከፍዬ ወጣሁ።

ማስረጃዋን ፎቶ አንስታ በእኔው ስልክ መመዝገብ ትችል ነበር። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። አልታሰበኝም።

ማታ የባንክ አፕ ከቪፒኤን ጋር አልከፍት ስላለኝ ቪፒኤኑን አጠፋሁት። እንደጠፋ ሳለ የተቋሙን ገጽ ነካሁት፤ ነጭ። ጠበቅሁ፤ ከአንድ ደቂቃ በላይ ነጭ። ያኔ ሁሉም ነገር ገባኝ፣ ሰውነቴ ቀዘቀዘ። አሲንክን መልሼ፣ ማስጀመሪያውን በደንቡ ጽፌ ስጨርስ ሩብ ሰዓት አልሞላም። ምዝገባው ግን ተዘግቷል። አስተባባሪውን ደውዬ ሁለት ቀን ይራዘም ብዬ ለመንኩ፤ «ቀኑ ተነግሯል፣ አይሆንም» አለኝ። ሰኞ ጠዋት ፎቶ ኮፒ ቤቱ ሄጄ ስለ ልጅቷ ጠየቅሁ። ከኮዬ ፈጬ ሁለት ቀን ተመላልሳ ነበር። ስሟን የሚያውቅ የለም፤ ተመልሳም አልመጣችም።

ምን ሆኖ ነው? ብሮውዘር ገጹን ከላይ ወደ ታች ያነባል። አሲንክም ዲፈርም የሌለው ስክሪፕት ሲያጋጥመው ያ ስክሪፕት መጥቶ እስኪሮጥ ማንበቡን ያቆማል። የእኔው ላይኛው ክፍል፣ ሄድ ውስጥ ስለነበር ከሥሩ ያለው ፎርም ገና አልተነበበም። የፌስቡክ ሰርቨር «እንቢ» ብሎ ቢመልስ ኖሮ ብሮውዘሩ ወዲያው አልፎት ይሄድ ነበር። መንገድ ላይ የተዘጋ ጥያቄ ግን ብዙ ጊዜ መልስ የለውም፤ ዝም ይባላል፣ ብሮውዘሩም ተስፋ እስኪቆርጥ ይጠብቃል። ከውጭ የምትለጥፉትን ነገር ሁሉ «ዝም ቢልስ?» ብላችሁ እንድትጠይቁት የምለምናችሁ ለዚህ ነው።

ፎቶ አሳንሱ፣ ኮድ ጨምቁ የሚለውን አልደግምላችሁም፤ ታውቁታላችሁ።

አሲንክ ወይስ ዲፈር የሚለው ክርክር ላይ ግን የራሴ አቋም አለኝ። ዲፈር ተራ ይጠብቃል፤ ስክሪፕቶቹ በተጻፉበት ቅደም ተከተል ይሮጣሉ። ስለዚህ ለራሳችሁ ኮድ ጥሩ ነው። የውጭውን ስክሪፕት ዲፈር አድርጋችሁ ከራሳችሁ በፊት ካስቀመጣችሁትና እሱ ዝም ካለ፣ ከኋላው ያለው የእናንተ ኮድ አብሮ ይቆማል። «ከታች ለጥፊው» የሚለው የድሮ ምክርም ከዚህ አያድንም፤ ፎርሙ ይታያል፣ ከስክሪፕቱ በኋላ ያለው ግን አይደርስም። ለውጭው አሲንክ ይሻላል፤ ተራ ሳይጠብቅ እንደደረሰ ይሮጣል። ከሁሉም የሚሻለው የራሳችሁ ገጽ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ፣ ወይም ሰው ሲነካው ብቻ ማምጣት ነው። የቻት ሳጥን ማንም ሳይነካው ለምን ይወርዳል? ቢደርስም የስልኩን ፕሮሰሰር ይይዛል፤ እሱ ሲሮጥ ሰው የነካው ቁልፍ አይመልስም። እናንተ በያዛችሁት ስልክ አይታወቅም፤ ከ50 ሚሊሰከንድ በላይ የያዘ ሥራ ግን ረጅም ይባላል፣ በርካሽ ስልክ ላይ ደግሞ ይብሳል።

ቪዲዮውም እንዲሁ ነው። የዩቲዩብ ማጫወቻ ማንም ሳይነካው ከግማሽ ሜጋባይት በላይ ያወርዳል። ይህ ጥቅል ገዝቶ የሚኖር ሰው ገንዘብ ነው። የቪዲዮውን ፎቶና የማጫወቻ ምልክት ብቻ አስቀምጡ፤ ሲነካ አይፍሬሙን፣ ማጫወቻውን የሚይዘውን ሳጥን፣ አስገቡ። ያ ካልሆነላችሁ ቢያንስ አይፍሬሙ ላይ ሎዲንግ ሌዚ የሚለውን ጻፉ፣ ወደ እሱ እስኪቀርቡ አይመጣም። ቁመትና ወርዱን ቀድማችሁ ስጡት፤ አለዚያ ዘግይቶ ሲመጣ ጽሑፉን ይገፋና ሰው ሊነካ ያልፈለገውን «ሰርዝ» ይነካል።

ይህ ነገር አዲስ እንዳይመስላችሁ። በስልክ መስመር፣ በሞደም ጩኸት ኢንተርኔት በምንገባበት ዘመን የሠራሁት የመጀመሪያ ገጽ ከሌላ ሰው ሰርቨር የሚመጣ የጎብኚ መቁጠሪያ ነበረው። አምስት ጥቁር አኃዞች። ቁጥሩ ሲጨምር ለማየት ብቻ በቀን ሦስት ጊዜ እደውል ነበር። አንድ ቀን የመቁጠሪያው ባለቤት ሰርቨሩን ዘጋና በቦታው የተሰበረ ምስል ቀረ። ገጹ ግን መከፈቱን አላቋረጠም፤ ምስል ገጽ አያቆምምና።

የዘንድሮ ልጆች ላይ አንድ ነገር ያሳስበኛል። ኮዱን ኤአይ ይጽፍላችኋል፣ ከሠራ በኋላ መለስ ብላችሁ አታዩትም። እኔም ያለ ኤአይ ያንኑ ነው ያደረግሁት፤ ቢሆንም ያሳስበኛል። «ሁሉም ሳይት ይጠቀምበታል፣ ስልኩ ላይ ቀድሞ ተቀምጧል» እያላችሁ ላይብረሪ፣ ሌላ ሰው የጻፈው ዝግጁ ኮድ፣ ከሩቅ ሰርቨር ስትጠሩም አያለሁ። ክሮም እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ የአንዱን ሳይት ካሽ (ስልኩ ላይ ያስቀመጠውን ቅጂ) ለሌላው አያካፍልም፤ ስለዚህ ያ ጥቅም ቀርቷል። የእኔ ደንብ አጭር ነው፤ ሁሉንም ፋይል ከራሳችሁ ሰርቨር አቅርቡ። እ.ኤ.አ. በ2024 ለድሮ ብሮውዘሮች ማሟያ ኮድ ያቀርብ የነበረው ፖሊፊል የተባለው አገልግሎት ዶሜን (የሳይት ስም) ወደ ሌላ እጅ ገብቶ ከ100 ሺህ በላይ ሳይቶች ላይ ጎጂ ኮድ ሲያሰራጭ፣ ፋይሉን ወደ ራሱ የገለበጠ ሰው አልተነካም። የክፍያ ስክሪፕት ግን ገልብጣችሁ አታስቀምጡ፤ አቅራቢው በየጊዜው ያድሰዋል፣ የቆየ ቅጂ ገንዘብ ላይ አደጋ ነው። «ሁሉንም» ካልኩ በኋላ ይህን ማለቴ ይጋጫል፤ ሁለቱንም ግን አምኜበት ነው።

አንድ የፈተና ዘዴ ልስጣችሁ። ክሮም ውስጥ የውጭውን ዶሜን ብሎክ አድርጋችሁ «ገጼ ይሠራል» አትበሉ። ያ ወዲያው «እንቢ» የሚል መልስ ነው፤ ዝምታውን አያሳያችሁም። የኮምፒውተራችሁ ሆስትስ ፋይል፣ ዶሜን ወደየትኛው አድራሻ እንደሚሄድ የሚጻፍበት፣ ላይ ዶሜኑን መልስ ወደማይሰጥ አድራሻ አዙሩት፣ 10.255.255.1 ብዙ ጊዜ ይሆናል፤ ከዚያ ገጹን ክፈቱና ቁልፉ እስኪታይ ቁጠሩ። እኔ ያንን ሐሙስ ማታ ብቆጥር ኖሮ ልጅቷ ዓርብ ትመዘገብ ነበር።

አንቺ ደግሞ ቀድመሽ መጠየቅሽ ደስ አሰኝቶኛል፤ እኔ ሁለቱን ቃላት ባጠፋሁበት ምሽት ማንንም አልጠየቅሁም። የፌስቡኩን ሳጥን ተዪው፤ ፎቶና ሊንክ ይበቃቸዋል፣ እምቢ ካሉሽ እኔ አነጋግራቸዋለሁ። ገጹ ሲያልቅ ንገሪኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ፎቶ ኮፒ ቤቱ እንገናኝና በዚያው ኮምፒውተር እንከፍተዋለን። የግርጌዋን ግራጫ መስመር እኔ አነባለሁ።