ከ77ቱ ድርቅ የወጡ ሁለት ኮሚኮች፣ እና ሌሎች የአንባቢ ጥያቄዎች

ስለ ድሮ የሱፐርሂሮ ኮሚኮች ከደሴና ከኮምቦልቻ ከደረሱን ጥያቄዎች ስድስቱን መርጠን መልሰናል። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ 77 ስንል ብቻ የእኛውን ማለታችን ነው።

ጥያቄ፦ በ77 ድርቅ ጊዜ የአሜሪካ አሳታሚዎች ሱፐርሂሮዎቻቸውን አሰልፈው ስለ ረሃቡ ኮሚክ አውጥተዋል ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው? ለተማሪዎቼ ባሳያቸውስ ምን ያገኙበታል? (መምህር፣ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ)

መልስ፦ እውነት ነው፤ ያውም ሁለት ናቸው። አንደኛው ማርቬል በ1985 ያሳተመው «ሂሮስ ፎር ሆፕ» ነው፤ ባለታሪኮቹ ኤክስሜን የሚባለው የሱፐርሂሮዎች ቡድን አባላት ናቸው። ሁለተኛው በ1986 ከዲሲ የወጣው «ሂሮስ አጌንስት ሀንገር» ነው። በዚህኛው ሱፐርማንና ባትማን ከነባር ጠላታቸው ከሌክስ ሉተር ጋር ሆነው ኢትዮጵያ ይገባሉ። ሁለቱንም የጠነሰሱት ጂም ስታርሊንና በርኒ ራይትሰን ናቸው። አሠራሩ እንደ ደቦ ነበር፦ አንድ ደራሲና አንድ ሠዓሊ እየተጣመሩ ሁለት ሦስት ገጽ ይሠሩና ታሪኩን ለሚቀጥለው ጥንድ ያቀብላሉ፤ ገቢው ለረሃብ እርዳታ ይሄዳል። የማርቬሉን ገቢ እንዲረከብ መጀመሪያ የተጠየቀው ድርጅት ገጾቹን አይቶ አልቀበልም ስላለ፣ ገንዘቡ ኩዌከር የሚባሉ የአሜሪካ ክርስቲያኖች ለመሠረቱት የእርዳታ ድርጅት ሆነ።

የተከታታይ ታሪክ ክፍል ስላልሆኑ ሰብሳቢ እንኳ ይዘላቸዋል። ይህ ያሳዝነናል፤ ምክንያቱም የማርቬሉ ውስጥ ስመ ጥሮቹ ደራስያን እስጢፋን ኪንግ፣ አለን ሙር፣ ጆርጅ ማርቲንና ስታን ሊ በአንድ ሽፋን ሥር ተገናኝተዋል። ጊዜ ካጠረዎት ሁለት ቦታ ላይ ይቁሙ። አንዱ ኪንግ የጻፈው፣ ራይትሰን የሣለው፣ የኤክስሜኗ ኪቲ ፕራይድ ከረሃብ ጋር የምትፋጠጥበት ነው። ሌላው ሙር የጻፋቸው፣ ሪቻርድ ኮርቤን የሣላቸው፣ ከባለታሪኮቹ አንዱ የሆነው የማግኔቶ ገጾች ናቸው። በየሁለት ሦስት ገጹ የሥዕሉ እጅ ሲለወጥ ተማሪዎችዎ በዓይናቸው ያዩታል፤ ስለ ሥዕል አሣሣል ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ነገር በቀላሉ አይገኝም።

ጉድለቱንም እንንገርዎት። በማርቬሉ ታሪክ መከራውን የሚያባብሰው በሰው ተስፋ መቁረጥ የሚፋፋ አንድ ክፉ ኃይል ነው። የወሎ ሰው የሚያውቀው 77 ግን እንዲህ አይደለም። በልጉ ቀረ፣ ክረምቱም ከዳ፤ ከብቱ በርካሽ ተሸጦ እህሉ ተወደደ፤ ጦርነቱ መንገድ ዘጋ፤ ሕዝቡ ወደ ኮረም ተመመ። ኃይለኛ ጡንቻ ሊመታው የሚችል ጠላት እዚያ አልነበረም። ሁለቱ ኮሚኮች በሐቀኝነት የሚጨነቁትም እዚህ ላይ ነው፦ ሱፐርሂሮ ረሃብን በቡጢ አይጥለውም። ያም ሆኖ ታሪኩን ከዳር እስከ ዳር የሚመሩት ከውጭ የመጡት ናቸው።

ለክፍል ሥራ አንድ ክፍለ ጊዜ ላይ አንድ ገጽ ይበቃል። ተማሪዎቹ መጀመሪያ ፍሬሞቹን፣ ማለትም በመስመር የታጠሩትን ሥዕሎች፣ ይቁጠሩ፤ ቀጥለው የአገሬው ሰው በስንቱ እንደታየ፣ በስንቱ እንደተናገረ ይመዝግቡ። ከዚያ ዝም ብሎ ከተሣለው አንዱን መርጠው ስም ይስጡትና አንድ ዓረፍተ ነገር ያናግሩት። ወደ ክፍል ሲገቡ ግን ቤተሰቡ በ77 ሰው ያጣ ልጅ ከተቀመጡት መካከል ሊኖር እንደሚችል አስበው ይግቡ፤ ሥዕሎቹን ከማሳየትዎ በፊት ምን እንደሚያዩ ይንገሯቸው።

ጥያቄ፦ አጎቴ የተወልኝ አርባ ያህል የ1970ዎቹ ኮሚክ አለኝ። ክረምት በገባ ቁጥር ይሸታል፣ ጠርዙ ቢጫ ሆኗል፣ ሁለቱ ላይ ሻጋታ አየሁ። ፀሐይ ላይ ላስጣው? (ደሴ፣ ሆጤ)

መልስ፦ በጭራሽ አያስጡት። ያ ወረቀት የጋዜጣ ወረቀት ነው፤ እንጨቱ ተፈጭቶ ሊግኒን የተባለውን ንጥረ ነገር እንደያዘ የቀረ ነው። ሊግኒን ብርሃንና ሙቀት ሲያገኘው ይጠቁራል፣ አሲዱም ወረቀቱን እንደ ደረቅ ቅጠል ያሰባብረዋል። ቢጫነቱ አይመለስም፤ የሚቻለው ማዘግየት ብቻ ነው። ደሴ ላይ የሚያስቸግረው እርጥበት ነው፤ ከደሴ በብዙ መቶ ሜትር ዝቅ ያለችው ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ ሙቀቱ።

መጀመሪያ የሻገቱትን ሁለቱን ከሌሎቹ ይለዩ። ጥላ ባለው፣ አየር በሚዘዋወርበት ደረቅ ክፍል ውስጥ ገጾቻቸውን ከፈት አድርገው ሁለት ሦስት ቀን ያቁሟቸው። ሻጋታው ደርቆ ዱቄት ሲሆን ደጅ ያውጧቸው፣ አፍና አፍንጫዎን በማስክ ይሸፍኑ፣ ለስላሳ የሥዕል ብሩሽ ይዘው ከመሐል ስፌቱ ወደ ጠርዙ፣ ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ይጥረጉ። በእርጥብ ጨርቅ አይሹት፤ ሻጋታው ወደ ውስጥ ይገባል፣ ቀለሙም ይለቃል።

የመሐሉ ሽቦ ከዛገ ኮሚኩን መሐል ገጹ ላይ ይክፈቱ፣ የሽቦውን ሁለት እግሮች በቀጭን የብረት ጫፍ ቀስ ብለው ያቅኑ፣ ከጀርባ በኩል ይሳቡት። አዲሱ የማይዝግ ሽቦ በድሮው ቀዳዳ ይግባ፤ ሌላ ቀዳዳ አይብሱ። ወረቀቱ ሲነካ የሚፈረፈር ከሆነ ግን አይሞክሩት። የተቀደደውንም በፕላስተር አይለጥፉ። ሙጫው ከዓመታት በኋላ ቡናማ ሆኖ ወደ ወረቀቱ ይሰርጋል፣ ፕላስተሩ ይነሣል፣ ነጠብጣቡ ይቀራል።

ማስቀመጫው ፖሊፕሮፒሊን ላስቲክ ቢሆን ጥሩ ነው። ደብተር የሚለበድበት፣ ሽታው የሚከረፋው ላስቲክ ለዚህ አይሆንም፤ ውሎ አድሮ የሽፋኑን ቀለም ይይዛል። ጀርባው ላይ የሚገባ አሲድ የሌለው ካርቶን ካጡ፣ ማሸጊያው ላይ አሲድ የለውም የሚል የፎቶ ኮፒ ወረቀት ይግዙና ከኮሚኩ ጋር ልክ አድርገው ይቁረጡ፤ አብዛኛው ኮሚክ በግምት 17 በ26 ሳንቲሜትር ስለሆነ አንድ ኤ4 ይበቃዋል። ሁለት ሁለት ቅጠል ያስገቡ፣ በየሁለት ሦስት ዓመቱ ይቀይሩት።

ሣጥኑን ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ፣ ከውጭው ግድግዳ ራቅ ያድርጉት። ቁም ሣጥን አናት ላይ፣ ከቆርቆሮው ሥር አይሁን፤ ቀን ይግላል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል፣ ላቡ ወረቀቱ ላይ ይቀራል። ከጫማ ካርቶን የሚገኘው የሲሊካ ጄል ከረጢት የሚሠራው ክዳኑ የሚገጥም ሣጥን ውስጥ ብቻ ነው። የእርጥበት መለኪያ ካገኙ ከ40 እስከ 50 በመቶ መልካም ነው፤ 65 ካለፈ ሻጋታው ይመለሳል። ቡና ሲፈላ የሚጨሰው እጣንና የከሰሉ ጢስም ወረቀት ላይ ስለሚያርፍ ኮሚኩ ሌላ ክፍል ይሁን።

ጥያቄ፦ አክስቴ ከቤይሩት ይዛው የመጣችው የዐረብኛ ሱፐርማን አለ። ጋዜጠኛው ግን ክላርክ ኬንት ሳይሆን ነቢል ፈውዚ ይባላል። የተጭበረበረ ነው? (ኮምቦልቻ)

መልስ፦ አይደለም። ከ1964 ጀምሮ ቤይሩት ውስጥ በዐረብኛ ይታተም የነበረው ሱፐርማን ነው፤ ነቢል ፈውዚ የክላርክ ኬንት የዐረብኛ ስሙ ነው። በዚህ ስም ያደገ አንባቢ በየዐረብ አገሩ ሞልቷል። ዐረብኛ ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚነበብ ፍሬሞቹንም በዚያው ተራ ይከተሉ። ሥዕሉ እንደ መስተዋት የተገለበጠ መሆኑን ማወቅ ከፈለጉ እጆቹን ይመልከቱ፤ የሚጽፈው ሁሉ ግራኝ ከሆነ ተገልብጧል ማለት ነው። ጠብቀው ያኑሩት።

ጥያቄ፦ ሽፋኑ የተገነጠለ ኮሚክ መቼ እንደታተመ በምን ይታወቃል? (ደሴ፣ ሰኞ ገበያ)

መልስ፦ ከመጀመሪያው ገጽ ግርጌ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ ያንብቡ፤ ርዕሱ፣ ቁጥሩ፣ ወሩና ዓመቱ እዚያ ነው። አንዳንዱ ይህን የሚያትመው በሽፋኑ ውስጠኛ ገጽ ስለሆነ ከሽፋኑ ጋር ሊጠፋ ይችላል። ሽፋን ላላቸው ዋጋው ራሱ ይናገራል፦ 12 ሳንቲም ከሆነ የ1960ዎቹ፣ 20 ሳንቲም ከሆነ የ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ 35 ሳንቲም ከሆነ የዚያው አሥርት መጨረሻ አካባቢ፣ 60 ሳንቲም ከሆነ የ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው። ኮሚኩ ላይ የሚታተመው ወር ገበያ ከወጣበት ወር ሁለት ሦስት ወር ዘግይቶ የሚመጣ ነው።

ጥያቄ፦ ብላክ ፓንተርን በፊልም አይቼ የድሮውን ኮሚክ ማንበብ ፈለግሁ። ከየት ልጀምር? ሌላስ ሰው የማያነሣው ምን አለ? (የ11ኛ ክፍል ተማሪ፣ ኮምቦልቻ)

መልስ፦ ብላክ ፓንተር መጀመሪያ የታየው በ1966 «ፋንታስቲክ ፎር» ቁጥር 52 ላይ ነው፤ አንተ ግን «ጀንግል አክሽን» ከሚባለው፣ ከቁጥር 6 ጀምር። ቁጥር 5 የሌላ ኮሚክ ድጋሚ ሕትመት ስለሆነ ገንዘብህን አታጥፋበት። ከ6 እስከ 18 ያለው፣ በ1973 እና በ1975 መካከል የወጣው፣ ዶን ማክግሬገር የጻፈው አንድ ረጅም ታሪክ ነው፤ ኪልሞንገር የተፈጠረው እዚያ ነው። ታሪኩ ከዋካንዳ አይወጣም፤ ለዚያ ዘመን ይህ ትልቅ ድፍረት ነበር። በየሁለት ወሩ ይወጣ ስለነበር እያንዳንዱ ቁጥር ያለፈውን ይደግማል። ጽሑፉም የበዛ ነው፤ በአንድ መቀመጫ ከሁለት ሦስት ቁጥር በላይ አታንብብ። ከ19 የሚጀምረው፣ ኩ ክሉክስ ክላን ስለተባለው የነጭ ዘረኞች ቡድን የሚተርከው ታሪክ ቁጥር 24 ላይ፣ በ1976፣ ሳያልቅ ተቋርጧል፤ ያንን አውቀህ ግባ።

ቀጥሎ ማይልስቶን የተባለው የኮሚክ አሳታሚ። በ1993 ዱዌይን ማክዳፊና ሦስት ጥቁር ባልደረቦቹ የመሠረቱት ሲሆን ያከፋፍልላቸው የነበረው ዲሲ ነው። «አይከን»ን አስቀድም። በ1839 የአሜሪካ ደቡብ ውስጥ የወደቀ የሌላ ዓለም ፍጡር በባርነት ያለች ሴት አግኝታው እንደ ልጇ ታሳድገዋለች፤ ከመቶ ዓመት በላይ ኖሮ ሀብታም ጠበቃ ሲሆን ደግሞ «ኃይልህን ለሰው አውለው» ብላ የምትሞግተው ራኬል የምትባል ወጣት ናት። ኮሚኩን የምትሸከመው እሷ ናት ብንል አላጋነንም።

የ«ስኳድረን ሱፕሪም» 12 ቁጥሮችም፣ 1985 እና 86፣ አይለፉህ። ሱፐርሂሮዎቹ መንግሥቱን ይረከቡና ጦርነትንና ረሃብን በአንድ ዓመት እናጠፋለን ብለው ቃል ይገባሉ፤ በጎ ሐሳብ እንዴት ሰውን ወደ ማስገደድ እንደሚዞር በየቁጥሩ ታያለህ። ደራሲው ማርክ ግሩንዋልድ በ1996 ሲሞት በኑዛዜው መሠረት አመዱ ከቀለም ጋር ተቀላቅሎ በ1997 የዚሁ ሥራ መድበል ታትሞበታል።

ጥያቄ፦ የትምህርት ቤታችን የሚኒ ሚዲያ ክበብ አንድ የድሮ ኮሚክ ወደ አማርኛ መልሶ መለጠፍ ይፈልጋል። የትኛውን ብንይዝ ከባለመብት ጋር አንጋጭም? አጻጻፉስ? (ደሴ)

መልስ፦ የማርቬልንና የዲሲን ተዉት፤ መብታቸው አለ። አሜሪካ ውስጥ ከ1964 በፊት ታትሞ በ28ኛው ዓመቱ መብቱ ያልታደሰ ኮሚክ ግን የሕዝብ ሆኗል። ከእነዚህ መካከል የምንመርጥላችሁ «ኦል ኔግሮ ኮሚክስ» ነው። ኦሪን ኤቫንስ የተባለ ጥቁር ጋዜጠኛ በ1947 ፊላደልፊያ ላይ ያሳተመው፣ ጥቁሮች ብቻ የጻፉትና የሣሉት ነው። ለሁለተኛው ቁጥር ወረቀት የሚሸጥለት ጠፍቶ በአንድ ቁጥር ቀረ። ውስጡ ያለው ላየን ማን፣ በተባበሩት መንግሥታት ተልኮ የዛሬዋን ጋና ዩራኒየም የሚጠብቅ ጀግና ነው። ዲጂታል ኮሚክ ሙዚየም የሚባለው ድረ ገጽ እንዲህ ያሉ የሕዝብ የሆኑ ኮሚኮችን በነጻ ያወርዳል። የፋይሉ ስም የሚያበቃው በሲቢዜድ (.cbz) ከሆነ መጨረሻውን ዚፕ (.zip) ብላችሁ ቀይሩት፤ እንደ ተራ ፎቶዎች ይከፈታል።

አማርኛ እንደ እንግሊዝኛው ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚሄድ ሥዕሉን መገልበጥ የለባችሁም። ብዕር ከማንሣታችሁ በፊት ግን ማን ማንን አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ እንደሚል በአንድ ወረቀት ላይ ጻፉ። እንግሊዝኛው ለሁሉም አንድ ቃል ስላለው ይህን ሳይወስኑ የጀመሩ ሰዎች ገጽ 2 ላይ ሽማግሌውን አንተ ብለው ገጽ 4 ላይ እርስዎ ይሉታል።

ገጹን በኤ4 አትሙ። ንግግሩ የተጻፈበትን ክብ፣ ፊኛውን፣ በፍሉይድ አጥፍታችሁ በላዩ ላይ አትጻፉ፤ ቀለሙ ይሰነጠቃል። በነጭ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ፣ በፊኛው ልክ ቆርጣችሁ ለጥፉ። የፊደሉ ቁመት ከ3 ሚሊሜትር እንዳያንስ፤ ካነሰ ፎቶ ኮፒው የሲን ቅጥል ይበላና «ሲሄድ» ያላችሁት «ሰሄድ» ይሆናል። በመስመሮች መካከል 2 ሚሊሜትር፣ በፊኛው ዳር የአንድ ፊደል ስፋት ያህል ባዶ ተዉ፤ ረጅሙ መስመር መሐል ላይ ይሁን። አማርኛ ትልቅና ትንሽ ፊደል ስለሌለው የሚጮኸውን ቃል አወፍሩት።

ድምፆቹን ከእንግሊዝኛው አትገልብጡ። ቦምቡ ግው ይላል፣ በሩ ጓ ይላል፣ ጥፊው ቿ፣ ውኃው ሿ። እነዚህን ከፊኛ ውጭ፣ ሥዕሉ ራሱ ላይ፣ ድምፁ በሚሄድበት አቅጣጫ አዘንብላችሁ ጻፏቸው።