ዋንጫው ለምን ለሰባተኛው ተሰጠ?

ጥያቄ፦ በአሜሪካ የስቶክ ካር (የመደበኛ የመንገድ መኪና መልክ ባላቸው መኪኖች የሚደረግ ውድድር) አካባቢያዊ ሻምፒዮናዎችን የዓመቱ መዝጊያ ውድድሮች ስከታተል ግራ የሚያጋባኝ ነገር አለ። አንደኛ የገባው ደስታውን እየገለጸ ሳለ ዋንጫው ሰባተኛ ወይም ስምንተኛ ለወጣው ይሰጣል፤ ያም ሰው በመጨረሻዎቹ ዙሮች ከኋላው የመጡትን ሳይታገል ሲያሳልፍ ይታያል። ይህ ፍርሃት ነው ወይስ ስልት? ቢጫ ባንዲራ በወጣ ቁጥርስ መሪው ያገኘው ርቀት ለምን ይሰረዝበታል?

መልስ፦ ምንም እንኳ ከውጭ ለሚመለከት ሰው ፍርሃት ቢመስልም ስልት ነው። በመዝጊያው ዕለት በአንድ ትራክ ላይ ሁለት ውድድሮች ይካሄዳሉ፤ አንደኛው የዕለቱን አሸናፊ ይለያል፣ ሁለተኛው ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ሲጠራቀም የቆየውን የነጥብ ሒሳብ ይዘጋል። ነጥቡን የሚመራው አሽከርካሪ ዓይኑን የሚጥለው በሚከተለው አንድ ተፎካካሪ ላይ ብቻ ነው። ዛሬ በአንድ ደረጃና በቀጣዩ መካከል ያለው ልዩነት በመሠረቱ አንድ ነጥብ ስለሆነ፣ ለማሸነፍና ለመምራት የሚሰጠውን ጭማሪ ለጊዜው ትተን ብናሰላ፣ 15 ነጥብ ይዞ የጀመረ ሰው ተፎካካሪው አንደኛ ቢወጣ እንኳ 15ኛ ሆኖ በመግባት በአንድ ነጥብ ሻምፒዮን ይሆናል። ታዲያ ለሰባተኛነት ብሎ ከሌላ መኪና ጋር ተጋጭቶ ለምን ይውጣ?

አንድ ነጥብ ምን ያህል እንደሚከብድ ለማየት ግን፣ ከአካባቢያዊው ውድድር ወጥተን የናስካር (የአሜሪካ የስቶክ ካር ውድድር አስተዳዳሪ ድርጅት) ዋና ሻምፒዮና እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 15 ቀን 1992 አትላንታ ላይ የተዘጋበትን ዕለት ማስታወስ ይበጃል። ነጥቡን ይመራ የነበረው ዴቪ አሊሰን በግጭት ምክንያት ከፉክክሩ ሲወጣ፣ ዋንጫው በአለን ኩልዊኪና በቢል ኤሊየት መካከል ቀረ፤ ኩልዊኪ ወደ ውድድሩ የገባው ከኤሊየት 10 ነጥብ በልጦ ነበር። በዚያን ጊዜው አሠራር አንደኛ የወጣ 175፣ ሁለተኛ የወጣ 170 ነጥብ ያገኝ ነበር፤ ቢያንስ አንድ ዙር የመራ 5፣ ከሁሉ የበለጠ ዙር የመራ ደግሞ ሌላ 5 ይጨመርለታል። ኤሊየት ውድድሩን አሸነፈ፣ ኩልዊኪ ሁለተኛ ሆነ፤ ነገር ግን ኩልዊኪ 103 ዙር፣ ኤሊየት 102 ዙር መርተው ስለነበር ሁለቱም ያገኙት 180 ነጥብ ሆነና የ10 ነጥቡ ልዩነት ሳይነካ ዋንጫው የኩልዊኪ ሆነ። ያቺ አንዲት ዙር ወደ ኤሊየት ብትዞር ኖሮ 185 ለ175 ይሆንና በጠቅላላ ነጥብ እኩል ይወጡ ነበር፤ በእኩል ነጥብ ጊዜ ደግሞ በዓመቱ ብዙ ያሸነፈው ስለሚመረጥ ዋንጫው የኤሊየት በሆነ ነበር። የኩልዊኪ ቡድን ዙሮቹን አንድ በአንድ ሲቆጥር መዋሉ አላስፈላጊ ጥንቃቄ እንዳልነበረ ከዚህ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2011 ቶኒ ስቱዋርትና ካርል ኤድዋርድስ እያንዳንዳቸው 2,403 ነጥብ ይዘው በጨረሱ ጊዜም ስቱዋርት የተመረጠው 5 ውድድር በማሸነፉ ነው፤ ኤድዋርድስ ያሸነፈው 1 ብቻ ነበር።

አካባቢያዊዎቹ ሻምፒዮናዎች፣ ማለትም በናስካር ሥር ባለው አርካ በተባለ የውድድር ድርጅት የሚመሩት የምሥራቅና የምዕራብ ምድቦች፣ ይህንኑ ሒሳብ ይበልጥ ያጠብቁታል። የምሥራቁ ምድብ በቅርብ ዓመታት በሰባት ወይም በስምንት ውድድር ብቻ ስለሚያልቅ፣ በአንድ ቀን የሞተር ብልሽት የጠፋውን ነጥብ መልሶ ለመሰብሰብ ጊዜ አይገኝም። በሌላ በኩል የሚሰለፉት መኪኖች ጥቂት ናቸው፤ 20 መኪና ብቻ በተሰለፈበት ውድድር፣ ጭማሪውን ካልቆጠርን፣ የ20 ነጥብ ብልጫ ያለው ሰው ሰልፍ ላይ በመቆሙ ብቻ ዋንጫውን አረጋግጧል ማለት ነው። (እንዲህ ያለውን መዝጊያ ለማየት ቲኬት የገዛ ተመልካች ቢያዝን አልፈርድበትም።) ከዚህ ሌላ ምድቡ ቴነሲ ውስጥ ብሪስቶል ላይ ሲዘጋ፣ የምሥራቁ ተወዳዳሪዎች ከአርካ ብሔራዊ ምድብ ተወዳዳሪዎች ጋር በአንድ ሰልፍ ይጀምራሉ። እርስዎ ሳይታገል አሳለፈ የሚሉት አሽከርካሪ ምናልባት ያሳለፈው ከእሱ ዋንጫ ጋር ምንም ጉዳይ የሌለውን ሰው ሊሆን ይችላል።

ቢጫ ባንዲራ የሚወጣው ትራኩ ላይ ግጭት፣ የወደቀ ስብርባሪ ወይም የፈሰሰ ዘይት ሲኖር ነው። ሠራተኞች ወርደው እንዲያጸዱ መኪኖቹ ሰልፉን ከሚመራው የደኅንነት መኪና ኋላ ተጠጋግተው በዝግታ መጓዝ ስላለባቸው፣ ደረጃው ቢጠበቅም በመካከላቸው የነበረው ርቀት ይጠፋል። የብሪስቶል ትራክ ርዝመቱ ከግማሽ ማይል እምብዛም ስለማይበልጥ፣ ሁሉም ሲሰበሰቡ መኪና ከመኪና ጋር ሊነካካ ምንም አይቀረውም። ጎማ መቀየር በሚፈቀድበት ጊዜም ከኋላ ያሉትና የሚያጡት ነገር የሌላቸው ገብተው አዲስ ጎማ ያስገጥማሉ፤ ነጥብ መሪው ደግሞ ደረጃውን ላለማጣት በአሮጌው ጎማ ይቆያል። ውድድሩን እንደገና የሚያስጀምረው አረንጓዴ ባንዲራ ሲውለበለብ እነዚያ በሙሉ ኃይል ሲመጡበት መስመሩን ለቆ የሚያሳልፋቸው ለዚህ ነው፤ የሚከታተለው ተፎካካሪው የት እንዳለ ብቻ ነው፤ እሱንም በሬዲዮ ይነግሩታል።