ስለ ብርና ስለ ሥራ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፣ ያው መልሱ

ሰላም የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች፣ ባንክ ብድር ክፍል ብዙ የቆየሁ ሰው ነኝ፣ ስለ ፋይናንሻላይዜሽን ጠይቁኝ ብዬ የመጡትን በየተራ እየመለስኩ ነው።

ጥያቄ፦ ቃሉ ከበደኝ ጋሼ፣ በአጭሩ ምንድነው?

መልስ፦ ትርፍ ከማምረት ሳይሆን ብር፣ አክሲዮንና ንብረት ከማገላበጥ እየመጣ ሲሄድ ነው። በፈረንጆቹ 2022 የውጭ ምንዛሪ ገበያው በቀን 7.5 ትሪሊዮን ዶላር ገደማ ይገላበጥ ነበር፣ የዓለም የዕቃ ንግድ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ 25 ትሪሊዮን አካባቢ። በርግጥ ያው ብር ደጋግሞ ስለሚዞር ሁለቱን እኩል ማወዳደር አይቻልም፣ ግን መጠኑን ያሳያችኋል።

ጥያቄ፦ በፈረንጆቹ 2008 ላይ አሜሪካ ምን ሆነ?

መልስ፦ የቤት ብድሩን ጠቅልለው ለሌላ ይሸጡት ነበር፣ ስለዚህ ያበደረው ሰው ተበዳሪው ከፈለ አልከፈለ ግድ የለውም። የቤት ዋጋ ሲወርድ ብድሩ አልመለስ አለ፣ በዚያው ሌህማን ብራዘርስ የሚባለው ትልቅ የአሜሪካ ባንክ ወደቀ።

ጥያቄ፦ ወላሂ እኛን ምን አገባን? አክሲዮን ገበያው እኮ ገና በ2025 ነው የተከፈተው።

መልስ፦ ልክ ነህ፣ የኛ ግን መልኩ ሌላ ነው። ኮምቦልቻ ላይ ወርክሾፕ ያለው ልጅ ማሽን ልግዛ ብሎ ሲመጣ ትእዛዝ በእጁ አለ፣ ሠራተኛ አለው፣ እኛ ግን መጀመሪያ የምንጠይቀው "ካርታ አለህ?" ነው፣ የለኝም ካለ በቃ ይመለሳል። ደሴ ላይ ፎቅ ያለው ሰውዬ ደግሞ ያንኑ አስይዞ ይበደርና ሌላ ቦታ ይገዛል፣ እሱ ሲገዛ የሰፈሩ ዋጋ ይወጣል፣ ዋጋው ሲወጣ የፎቁም ግምት ይወጣል፣ እንደገና መጥቶ ይበደራል፣ በዚህ ሁሉ መሃል አንድ ጣሳ ዱቄት አልተፈጨም አንድ ብሎን አልተሠራም። ፋይሉ ግን እንከን የለውም፣ አለቃም ይወደዋል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ቦታ የሚገዛው ስግብግብ ነው?

መልስ፦ ኧረ በጭራሽ! በ2024 ሐምሌ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ 100 ሲያልፍ ያየ ሰው ብሩን በ7 ፐርሰንት ወለድ ባንክ ያስቀምጥ? እኔም አላስቀምጥ።

ጥያቄ፦ እቁብስ፣ እሱም ብር ማገላበጥ አይደል?

መልስ፦ እቁብ ወለድ የለውም፣ ዕጣ የሚሸጡትን ካልቆጠርን።

ጥያቄ፦ ከወለድ ነፃው ባንክ አይሻልም?

መልስ፦ አሠራሩ ደስ ይለኛል፣ ሙራባሃ በሚባለው ውል ላይ ባንኩ ዕቃውን ገዝቶ ስለሚሸጥልህ መሃል ላይ የግድ ዕቃ አለ። ግን ዕቃው የቤት መኪና ከሆነ ለወርክሾፑ ልጅ ምን ይፈይዳል፣ መያዣ እንደሆነ እነሱም ይጠይቁታል።

ጥያቄ፦ ደሴ ሆጤ በኩል ያለኝን ቦታ ልሽጥ ወይስ ላቆየው?

መልስ፦ ሃሃ እህቴ እሱን በውስጥ መስመር ነይ።