ጠይቁን፦ ጎጃምን በቪትዝ

ክረምቱ ሲወጣ የመንገድ ጥያቄ ይበዛብናል። የዚህ ወር ሦስቱም ስለ ጎጃም ናቸው፤ ስለዚህ ለእኔ፣ ለማርቆሱ ልጅ፣ ተሰጡኝ። አዳላለሁ፣ ከወዲሁ ልናገር።

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። በጥቅምት ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር ከአዲስ አበባ ባህር ዳር በመኪና ልንሄድ ነው። መኪናችን ቪትዝ ናት። ጓደኞቼ በአንድ ቀን ትገባላችሁ ይሉኛል፣ እኔ ግን መንገዱን ማየት እፈልጋለሁ። ዓባይ በረሃን ደግሞ እውነቱን ለመናገር እፈራዋለሁ። ያለን ጊዜ አምስት ቀን ነው። እንዴት እናድርገው? (የሁለት ልጆች አባት፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ወንድምዓለም፣ ጓደኞችህ አልዋሹህም። በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ 560 ኪሎ ሜትር ነው፤ ገና ሳይነጋ የተነሳ ሰው ማታ ባህር ዳር ይገባል። ግን ልጆቹ ተኝተው ሄደው ተኝተው ይመለሳሉ፣ አንተም ከጎጃም የምታስታውሰው የሲኖትራክ ኋላ ብቻ ይሆናል። ለሁለት ክፈለው። ማርቆስ እደሩ፤ ከአዲስ አበባ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ነው።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር። በመነሻህ ዋዜማ እዚያ ላለ ዘመድ ወይም ለምታውቀው የመስመር ሾፌር ደውል። መንገዱ ሰላም ነው ወይ፣ መኪና ያሳልፋል ወይ ብለህ ጠይቅ። አንድ ሰው ብቻ ጠይቀህ አትመን፣ ሁለት ሦስት ሰው ጠይቅ። ካመነቱ ቅር። ጎጃም ለከርሞም አለ።

አሁን ወደ በረሃው። ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በከፍታ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ቁልቁል ትወርድና ያንኑ መልሰህ ትወጣዋለህ። ላይ ጃኬት ለብሰህ የጀመርከው ሰውዬ ታች ድልድዩ ጋ መስኮት ከፍተህም ያልብሃል።

የሚያስፈራው ገደሉ ሳይሆን ፍሬኑ ነው። እኔ መጀመሪያ ስወርደው ፍሬኑን ረግጬ ረግጬ ነው የወረድኩት። ግማሽ ላይ አንድ የሚከረፋ ሽታ መጣ። ዳር ይዤ ስወርድ ከፊት ጎማዬ ጭስ ይወጣል። ደንግጬ ጀሪካን አወጣሁ፣ ውሃ ልደፋበት። አንድ የአይሱዙ ሾፌር ከኋላዬ ቆሞ፣ ገና በሩን ሳይዘጋ፣ «ተው! ይሰነጠቅብሃል!» ብሎ ጮኸብኝ። መጥቶ ጀሪካኑን ከእጄ ተቀበለኝና ጠጣበት። «ማርሽ ለምን የተሠራ ይመስልሃል?» አለኝ። ግማሽ ሰዓት ድንጋይ ላይ አስቀምጦ አስተማረኝ፤ ዝንጀሮዎቹም ቆመው ይሰሙ ነበር። ትምህርቱ ይህች ናት፦ ሽቅብ በምትወጣበት ማርሽ ቁልቁልም ውረድ። ያንተዋ አውቶማቲክ ከሆነች «ዲ» ላይ አትተዋት፣ ወደ ታችኛው ማርሽ አውርዳት፣ ሞተሩ ይጩኽ ግድ የለም። ፍሬኑን ስትፈልግ ጠበቅ አድርገህ ያዝና ልቀቅ እንጂ እግርህን እላዩ ላይ አታስቀምጥ። ከሸተተህ ቁም፣ በራሱ ይቀዝቅዝ። ጀሪካኑ ለመጠጥ ነው።

በጠዋት ውረደው። ከረፋዱ በፊት ሙቀቱም የከባድ መኪናው ሰልፍም ይሻላል። አስፋልቱ የሚንሸራተት አፈር ላይ ስለሆነ አንዳንድ ቦታ ያብጣል፣ ይሰነጠቃል። ቪትዝ ደግሞ ሆዷ ዝቅ ያለ ነው፤ ቀስ። ታች ሁለት ድልድይ ታያለህ፤ አሮጌውና በጃፓን ድጋፍ የተሠራው ባለ ኬብሉ። ልጆቹ ስልክ ያወጣሉ፣ ጠባቂዎቹ ግን ድልድይ ማንሳት አይፈቅዱም። ፎቶውን በደጀን በኩል ከወጣህ በኋላ ዞር ብለህ አንሳ፣ እሱ ይበልጣል።

ደጀን ላይ በረሃው ድንገት ያልቅና ሜዳ ይሆናል። ጤፍ ነው፣ እስከ ሉማሜ፣ እስከ ማርቆስ። በጥቅምት ገና ሳይታጨድ ንፋስ ሲመታው እንደ ውሃ ይተኛል ይነሳል። እኔ እዚህ ጋ ሁሌ መኪና አቆማለሁ፣ ምንም ሳላደርግ። በስተቀኝ ሰማዩ ከጠራ የጮቄ ተራራ ይታያል፤ ከሞላ ጎደል የምትሻገራቸው ወንዞች አብዛኞቹ ከእሱ ነው የሚነሱት።

ማርቆስ፣ በድሮ ስሟ መንቆረር፣ ማታ ትበርዳለች። ለልጆቹ ሹራብ ያዙ።

በሁለተኛው ቀን ደምበጫን፣ ፍኖተ ሰላምን፣ ቡሬን እያለፍክ ነው። በበርበሬ የታወቀ አገር ስለሆነ ባለቤትህ «ቁም» ማለቷ አይቀርም፣ ሻንጣ ቤቱን ባዶ አድርገህ ና። ለምሳ ግን እንጅባራ አትቸኩል። ቲሊሊን አልፈህ እንጅባራ ሳትገባ ዘንገና ሐይቅ አለ፣ ከዋናው መንገድ ጥቂት ገባ ብሎ። እሳተ ገሞራ የፈጠረው ክብ ሐይቅ ነው፣ ዙሪያውን ዛፍ፣ ድምፅ የለውም። ከማርቆስ ያስቋጠርከውን እዚያ ፍታ። ዳሩ ገደላማ ስለሆነ ትንሹን ልጅ እጁን ይዘህ። እንጅባራ አካባቢ የቀርከሃ ወንበር ቢያምርህም ቪትዝ ላይ አይጫንም፣ ሞክሬዋለሁ። ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ በሰልፍ የቆመው ዛፍ ዲከረንስ ነው፤ ገበሬው ተክሎት፣ አሳድጎት፣ ከሰል አድርጎ ይሸጠዋል። መራዊ ስትደርስ የቆጋ መስኖ፣ ከዚያ ባህር ዳር።

ስትመለስ በአዴት፣ በሞጣ፣ በቢቸና አድርገህ ደጀን መውጣት ትችላለህ፤ ወደ 70 ኪሎ ሜትር ያጥራል፣ ጮቄንም ከወዲያኛው ወገን ታየዋለህ። ግን ባህር ዳር መናኸሪያ ሂድና የሞጣን ሾፌሮች ጠይቅ፦ «ቪትዝ ያልፋል?» ከሳቁ በመጣህበት ተመለስ። ቤንዚን ደግሞ ባየህበት ሙላ፣ ሩብ እስኪቀር አትጠብቅ።

ጥያቄ፦ ልጆቼ በእረፍታቸው ግሽ ዓባይ ሊወስዱኝ ነው፣ ለጠበሉ። ጉልበቴን ያመኛል። ከቡሬ ቁርስ በልተን ብንነሳ ይሻላል ይላሉ። እኔ ልቤ አልወደደውም። (አንዲት እናት፣ ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ እመይቴ፣ ልብዎ ትክክል ነው። ምንጩ ጋ የሚገባው በባዶ ሆድ ነው፤ የበላ ሰው አይጠጋም። ልጆችዎ ቁርሱን በአገልግል ይያዙት፣ ከጠበሉ በኋላ ይበላል። ማታውኑ ቡሬ ወይም ቲሊሊ አድራችሁ በማለዳ ብትነሱ ጾሙም አይከብድዎ። ከቲሊሊ ወደ ቀኝ፣ ግሽ ዓባይ ወዳለበት ወደ ሰከላ ይገነጠላል፤ ከአስፋልቱ ስለሚወጣ መኪናው ከፍ ያለ ቢሆን ጥሩ ነው፣ ለጉልበትዎም መንገጫገጩ ይቀንሳል። ምንጩ ያለበት ቦታ ረግረግ ነው፣ ከዘራዎን አይርሱ። ብርድ አለ፣ ጋቢም ይደርቡ።

ይህን ያህል ዓለም የሚያወራለት ወንዝ ሲጀምር እንዲህ ትንሽ ነው ወይ ብለው ይገረማሉ። አቡነ ዘርዓ ብሩክ መጻሕፍታቸውን ለውሃው አደራ ሰጥተው ከዓመታት በኋላ «ግሽ ዓባይ» ሲሉት ውሃ ሳይነካቸው መለሰላቸው ይባላል፤ እርስዎ ግን ይህን ከእኔ ቀድመው ያውቁታል። ለልጆችዎ እዚያው ይንገሯቸው፣ እኔንም በጸሎትዎ ያስቡኝ።

ጥያቄ፦ ሦስት የዩኒቨርሲቲ ጓደኛሞች ነን። ጮቄን በሞተር ሳይክል ጫፉ ድረስ መውጣት እንችላለን? ድንኳን አለን።

መልስ፦ ድንኳኑን እርሱት። ወደ 4,100 ሜትር የሚደርስ ተራራ ነው፤ በጥቅምትና በኅዳር ሌሊቱ ውርጭ ይጥላል። ማርቆስ ወይም ሮብ ገበያ እደሩ። ሮብ ገበያ ስሟ ራሱ የገበያ ቀኗን ይነግራችኋል፣ ለረቡዕ ብታደርጉት ከፈረሱና ከአህያው ጋር ተራ መጠበቅ ነው፣ እኔ እወደዋለሁ።

ከዚያ የጠጠር መንገዱ ወደ ድጎ ጽዮንና ሞጣ ያሻግራል። ገብሱና ድንቹ እየሳሳ አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ ይመጣል፣ ከዚያ ጅብራ የሚባለው ተክል፣ ሰው የቆመ የሚመስለው። ጭጋግ ውስጥ አንዱን ጅብራ «ጤና ይስጥልኝ» ብዬ አውቃለሁ። በጠዋት ውጡ፣ ከሰዓት ደመና ይወርዳል። ጓንት ያዙ። ከዝናብ በኋላ ከሆነ ሞተሩን አቁሙትና በእግር ሂዱ፤ ጭቃው ጎማና መከላከያው መሃል ገብቶ ጎማው መዞር ያቆማል፣ በእንጨት ስታወጡት ትውላላችሁ።